የሰቆጣ ድንጋይና የነዋሪው እጅ



የሰቆጣ ስም ሲነሣ በብዙ ሰው ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው የድርቅና የረኀብ ወሬ ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን እንኳ በዚችው ከተማ ስም ተሰይሟል። ይሁን እንጂ ይህች ጥንታዊት የደጋ ከተማ የግንባታን ሙያ ለያዘ ሰው ሌላም የምታስተምረው አላት።

ዋግ የአገው ሕዝብ ምድር ነው። በ1262 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዛጉዌ ነገሥታት ወደ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር የዛጉዌ ወገን ዋግን እንደያዘ መቅረቱን የአገሩ ትውፊት ይናገራል፤ ገዢውም ዋግሹም ይባል ነበር። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የቀድሞው ዋግሹም ጎበዜ፣ የተገኙት ከዚሁ ቤት ነው።

ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ለማየት ይቸኩላል። ከዓለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን፣ የጥንት መሳፍንት ናቸው የሚባሉት አስከሬኖችም በሣጥን ያረፉበት፣ በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የድንጋይ ቤቶች ሳያስተውል የሚያልፍ ባለሙያ ከትምህርቱ ግማሹን ትቶ ይመለሳል።

በደጋው አገር መንደሩ ድንጋያማውን ጉብታ ይይዛል፤ ለም መሬቱ ለእርሻ ይተርፋል፤ የዝናቡም ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። በጭቃ የተያያዘው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ብርድ ያቆያል። የዚህ ግድግዳ ጠላቱ ከላይ የሚገባ ውኃ ነው። ክዳኑ ካፈሰሰ ጭቃው ይታጠባል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ በመጨረሻም ይናዳል። ስለዚህ ቤቱ በየዓመቱ፣ ከክረምት በፊት፣ የባለቤቱን እጅ ይሻል። በድርቅ ምክንያት፣ ወይም በ2013ና በ2014 ዓ.ም. እንደሆነው በጦርነት፣ ነዋሪው ከቀየው ሲፈናቀል ቤቱን የሚጠግን ይጠፋል። ዘመናት የቆመውንም ግድግዳ ጥቂት ክረምቶች ያፈርሱታል።

በደቡብ ፈረንሳይ በኮረብታ ላይ ያለችው ኮርድ እ.ኤ.አ. በ1222፣ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ የተቆረቆረች ናት። ፈረንሳይ ጥንታዊ ሰፈሮችን የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1962 አውጥታለች። ሆኖም ወጣቱ ወደ ከተማ በመፍለሱ፣ ከእነዚያ የኮረብታ መንደሮች አያሌዎቹ ድንጋያቸው ተጠብቆ ሳለ በክረምት መስኮታቸው የሚዘጋ፣ በበጋ ብቻ እንግዳ የሚሞላባቸው ሆነዋል። ሕግ ግድግዳውን ከአፍራሽ ያድናል እንጂ ምድጃውን አያነድም።

እንግዲህ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ የማኅበሩ አባል ከመለኪያውና ከንድፍ ወረቀቱ ጋር ጥያቄም ይዞ ይሂድ። ግንበኛው ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጣ፣ ጭቃውን በምን እንደሚያቦካ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ በኽምጣኛና በአማርኛ ምን ስም እንዳለው ጠይቆ ይመዝግብ። የተሰነጠቀውን የጭቃ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን በውስጡ ማፈን መሆኑንም ለባለቤቱ ያስረዳ። ከሁሉ በፊት ግን ጥገና የሚታሰበው ነዋሪው በቀየው ጠግቦና በሰላም ለመኖር ሲችል ነው። ስለዚህ ስለ ዋግ ቅርስ የሚጻፍ ማናቸውም እቅድ ውኃን፣ እህልንና ሰላምን በመጀመሪያው ገጹ ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል።