የክልል ምክር ቤትና የእኛ ደብዳቤ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «የመሥሪያ ቦታው ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ብላችሁ ነበር። ደብዳቤያችን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ስለ ሌላ በር፣ ስለ ክልል ምክር ቤት፣ እንነጋገር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ከፍተኛ የሥልጣን አካል ምክር ቤቱ እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሾመው፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ሹመትና በጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው። በወረቀት ላይ ምክር ቤቱ አሠሪ፣ ቢሮው ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

በተግባርስ? እኛ በማኅበራችን ገንዘብ ያዧን በቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ አናስገባም፤ ሰው የራሱን ሂሳብ አይመረምርምና። በክልል ግን ርዕሰ መስተዳድሩ፣ ብዙ ጊዜም የቢሮ ኃላፊዎቹ፣ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አላቸው። አብዛኛው አባልም የፓርቲያቸው ሰው ነው። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝም ሚኒስትሮቹ የሚወጡት ከፓርላማው ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠያቂ ሲጠፋ ነው። ሪፖርት ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ እጅ ይወጣል። (ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እጅ ማውጣት እኛም እናውቅበታለን።)

ቁጥጥሩ ነፍስ የሚዘራው በቋሚ ኮሚቴዎቹ ነው። ኮሚቴ የቢሮ ኃላፊን ጠርቶ ያነጋግራል፤ መስክ ወርዶ ሥራውን ያያል። ዋና ኦዲተሩም የምርመራ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ ኮሚቴው በእጁ ያለው አብዛኛው ወረቀት ራሱ ቢሮው የጻፈው ነው። «ለተደራጁ ሴቶች የመሥሪያ ቦታ ተሰጥቷል» የሚል መስመር ቢያነብ፣ ያልተሰጠን መኖራችንን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት የደብዳቤዎቻችንን ቅጂ፣ ቀኑንና ቁጥሩን እንደያዘ፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴና ለመረጥነው ተወካይ እናስገባለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቢሮው ለማን፣ የት፣ ስንት ቦታ ሰጠ? ዝርዝሩ ይቅረብልን።

ደጋፊዎቻችን፣ የገዛችሁልን የልብስ ስፌት ማሽኖች በአንዲት አባላችን ግቢ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ክረምቱ ሳይገባ ፎቶግራፋቸውን አንስተን ከደብዳቤው ጋር እናያይዛለን። ደብዳቤውን ይዘው የሚሄዱ ሦስት እናቶች ዛሬ ከዚህ ሳንነሣ እንምረጥ።