ዝግ ብለን ሮጥን፣ ቀድመን ገባን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የሩጫ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር)



ስለ ሩጫችን እንድንናገር ተጠይቀናል። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው፤ ንግግራችን ግን ያን ያህል አይረዝምም።

እዚህ አገር ትምህርት ቤትም ሥራ ቦታም «እናንተማ ሩጫ በደማችሁ ነው» ይሉናል። ለማሞገስ ነው የሚሉት፤ እኛም ደስ እያለን አመንነው። ያመጣብንን መዘዝ ዓምና ቴል አቪቭ ላይ አየነው።

ዓምና 11 ሆነን ተመዘገብን። ልምምዳችን ምን ነበር? በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ተገናኝቶ መሽቀዳደም፣ ከዚያ ደክሞ ወደ ቤት መግባት። የውድድሩ ቀን ሕዝቡ ሲነሳ ልባችንም አብሮ ተነሳ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እየሮጥን 10 ኪሎ ሜትሩን በ53 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጨረስን። ከዚያ በኋላ እግራችን እንጨት ሆነ። የቀረውን አንዳንዴ እየተራመድን፣ ለአንዱ ኪሎ ሜትር ከ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በላይ እየፈጀን፣ አብዛኞቻችን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገባን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ይኼ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው ሌላ ነው። አንድ ልጃችን 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመ። ቅልጥሙን ማመም ከጀመረው ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገረም። «ፈሪ እንዳትሉኝ ብዬ ነው» አለን። ሐኪም ሲያየው አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ለሦስት ወር ሩጫ ተከለከለ፣ ጻባ የሚገባበትም ቀን ተራዘመ። እናቱ «አብራችሁት እየሮጣችሁ እንዴት አላያችሁም?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ዘንድሮ የለወጥነው ነገር ሁሉ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

ስፖርት የተማረ አንድ የማኅበራችን አባል ሊረዳን ፈቃደኛ ሆነ። መጀመሪያ የጠየቀን «በሳምንት ከምትሮጡት ውስጥ እያወራችሁ የምትሮጡት ስንቱን ነው?» ብሎ ነው። ምንም! ሁሌም እያለከለክን ነበር የምንሮጠው። እሱ እንዳስረዳን፣ ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም እንዲረጭ ያደርጋል፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ያበዛል። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሳንባችን «ሂድ» ሲለን አጥንታችን ገና አልደረሰም ነበር።

ስግድ ካለፈ በኋላ የ12 ሳምንት ልምምድ ጀመርን፤ በሳምንት አራት ቀን። እሑድና ረቡዕ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ቀስ ያለ ሩጫ። ማክሰኞ የፍጥነት ቀን ነው፦ አንድ ሳምንት አንድ አንድ ኪሎ ሜትር አምስት ወይም ስድስት ጊዜ፣ በየመሀሉ 2 ደቂቃ እያረፍን፤ በሌላው ሳምንት ሳናቋርጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ረጅሙን እንሮጣለን። ከ10 ኪሎ ሜትር ጀምረን በየሳምንቱ አንድ እየጨመርን፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ እያደረግን 17 ደረስን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀንሰን እግራችንን አሳረፍን። ዓርብ እናቶቻችን የሰንበት ዳቦ ሳያወጡ ቤት እንገባ ስለነበር ማንም አልተቆጣንም።

ሁለት ሕግም አወጣን። አንደኛው፣ በቀስታው ቀን እየሮጥን በአማርኛ እናወራለን። ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ያቃተው ፈጥኗል ማለት ነውና ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቻችን ሲያቅተን ትንፋሹ ይሁን አማርኛው አልታወቀም! አሁን ሁለቱም ተሻሽሏል።

ሁለተኛው ሕግ ከበድ ይላል። ከመሮጣችን በፊት እያንዳንዳችን ሕመማችንን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንናገራለን። ከ3 በላይ ያለ ሰው የዚያን ቀን አይሮጥም፤ ካልተሻለው ሐኪም ያያል። መሳቅ ክልክል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «ዜሮ» አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እህታችን «አራት፣ ጉልበቴን» አለች። ከዚያ በኋላ ሌሎቻችንም እውነቱን መናገር ጀመርን።

ውድድሩ ደረሰ። ሌላው ሲያልፈን ዝም ብለን አሳለፍነው፤ እውነቱን ለመናገር ከልምምዱ ሁሉ የከበደን እሱ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን በ55 ደቂቃ ተኩል ጨረስን፣ ከዓምናው ሁለት ደቂቃ ዘግይተን ማለት ነው። የቀረውን ግን በ60 ደቂቃ ተኩል ሮጥነው። 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ! ስምንት ደቂቃ አሻሻልን፣ ሁላችንም በእግራችን ገባን።

ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና እሱ ብር፣ ጋሻው አያሌ ነሐስ ወስደዋል። ነገሩ በደም ቢሆን እኛም ዓምና በወሰድን ነበር! የነሱ ሜዳልያ የዓመታት ልፋት ነው፤ «በደማችሁ ነው» ሲባል ልፋታቸው ይረሳል፣ እኛም ሕመማችንን እንድንደብቅ ያደርገናል።

ያ ልጃችን ዘንድሮ አብሮን አልሮጠም፤ ጻባ ነው። እናቱ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ውሃ ይዘው ቆመው ነበር። ባለፈው ወር ቅልጥሙን ደግሞ ሲያመው በዚያው ቀን ለአዛዡ ተናገረ። ሁለት ሳምንት አርፎ ደህና ሆነ። ለእኛ ይኼ ከስምንቱ ደቂቃ ይበልጣል።

ወላጆቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጃችሁ ከሩጫ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «የሚያምህ ነገር አለ?» በሉት። እናንተም ወጣቶች፣ እሑድ ማታ ኑ። ፍጥነት አንጠይቅም። ጫማ፣ ትንሽ አማርኛና እውነተኛ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።