ወደ ወንጪ ፍል ውሃ ከመነሣታችን በፊት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዐምና ወደ ወንጪ ስንወጣ ያሰናዳነው ዘፈን ነበር እንጂ ስንቅ አልነበረም። ከሐይቁ ወዲያ ባለው ሸለቆ የሚፈልቀውን ፍል ውሃ ሳናይ መሸብን፤ አንድ ጓደኛችንም በብርድ አንደበቱ ተሳሰረ። ከባዱን ሸክም ለእርሱ ትተን ቀድመነው ሄደን ነበርና ጥፋቱ የሁላችን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሦስት ነገር እንወስን። አንደኛ፤ ከሁሉ ዝግ ብሎ የሚራመደው ከፊት ይምራ፤ ሸክሙም እንደየጉልበታችን ይከፈል። ሁለተኛ፤ በ3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ በሶና ቆሎ እንያዝ። ሦስተኛ፤ ፍል ውሃው ሰው ፈውስ ፈልጎ የሚመጣበት ነውና አገሬውን ሳናስፈቅድ አንግባ።

ደረስን የምንለው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው።