አጥንትም ደም ይጠጣል



አጥንት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በየሜዳው ወድቆ ፀሐይ ያነጣውን የከብት አጥንት ነው። ያ የሞተ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ግን ሕይወት አለው። ያድጋል፤ ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፤ ደም ሲያጣም ይሞታል።

የአንድ አዋቂ ሰው አጥንት ቁጥሩ 206 ነው። ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ የዶሮ አጥንት ፍም ላይ ጣሉ። ነጥቶ ይቀራል፤ ስትነኩት ግን ይፈረፈራል። ሌላውን በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። እንደ ጠፍር ይተጣጠፋል። እሳቱ ያጠፋው ጅማት የመሰለውን ክር ነው፤ ኮምጣጤው ያሟሟው ደግሞ ካልሲየም ያለበትን ኖራ መሰል ነገር ነው። ቤት ስንሠራ ጭቃና ጭድ አብረን እናቦካ የለ? አጥንትም እንዲሁ ነው። ጭቃው ያጠነክራል፤ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ይይዛል።

ቅልጥም ሰብሮ የበላ ሁሉ መቅኒን ያውቃል። ቀዩ መቅኒ ደም የሚሠራበት ቤት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል፤ ምትኩ ከመቅኒ ይወጣል። አጥንቱ ራሱ ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው ከደም ነው። ከላዩ ደም ስር የሞላበት ስስ ሽፋን አለው። በጎኑም ደም ስር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በበግ ጭን አጥንት ላይ ፈልጉ፣ ታገኙታላችሁ።

አጥንት ጎተራም ነው። በሰውነት ካለው ካልሲየም ከ100 እጅ 99 እጁ የተከማቸው እዚያ ነው። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይሠሩም። ከምግብ ካልመጣ ሰውነት ጎተራውን ከፍቶ ይወስዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በቆቦና በቆረም ያለቀው ሥጋ ብቻ አልነበረም፤ የተራበ ልጅ አጥንቱም ማደጉን ያቆማል። ማሽላችን ሆድ ይሞላል፣ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው። ጤፍ በዚህ ይበልጠዋል፤ ወተትና ጎመንም ደጎች ናቸው። ጤፉን ሁሉ ለገበያ፣ ማሽላውን ለቤት የምንል አለን፤ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት እንኳ ብናስቀር ምን አለበት! ሕፃኑንም ምች ይመታዋል ብላችሁ ከጨለማ ቤት አትደብቁት። ፀሐይ ያላገኘ ልጅ ካልሲየሙ አጥንቱ ላይ አይያዝለትም፤ እግሩ ይጎብጣል።

አሁን ወደ ስብራት ልምጣ። አንዱ ከግመል ይወድቃል፣ ሌላው ከዛፍ። አጥንት ሲሰበር ከስብራቱ ላይ ደም ይረጋል፤ እሱ ቀስ በቀስ ለስላሳ መጋጠሚያ ይሆንና ይጠነክራል። የሕፃን ክንድ በሳምንታት ይገጥማል። የአዋቂ ቅልጥም ግን 3 እና 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ወጌሻዎቻችን እጃቸው የተባረከ ብዙ አሉ። የምፈራው መቃውንና ጨርቁን አጥብቆ ማሰሩን ነው። የተሰበረ እጅ ከታሰረም በኋላ ያብጣል። ማሰሪያው አይሰፋም፤ ስለዚህ ደም ስሩን ያንቃል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ በ6 ሰዓት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከሞተ በኋላ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ሐኪም ያለው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች ጥቂት እንዳልሆኑ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። የልጁ አጥንት ቢተዉት ይገጥም ነበር፤ እጁን የወሰደው ማሰሪያው ነው።

ስለዚህ ሲታሰር የጣቶቹ ጫፍ ይታይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም ተነስታችሁ ዳስሱት። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ልጁ ካለቀሰ፣ እዚያው ፍቱት። ቀኑ ሳይሞላ አይፈታም የሚል ካለ አትስሙት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ አትግፉት፣ ቅጠልም አታድርጉበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ እንዳይነቃነቅ በእንጨት ደግፋችሁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት።