መቀባበል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከላስታ በመጡ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ላሊበላ በተባለ ቁጥር በሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጡት 11ዱ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ይህ ተገቢ ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። ዛሬ ግን የምንናገረው በሰው አፍ ላይ ስለሚኖረው ሌላው ሀብታችን፣ ስለ ዘፈን ነው።

ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዱ፣ የላስታ አዝማሪ ልጅ፣ በከተማው ቴአትር ቤት ክራሩን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ራሱ የገጠመውን ግጥም በአምባሰል ቅኝት ሲያዜም አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም ቆመን አጨበጨብን። ነገር ግን እጃችን እያጨበጨበ ልባችን ይወቅሰን ነበር። ይህ ልጅ ወደዚህ በመጣበት ዓመት ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክራሩን ሲቃኝ «አዝማሪ!» እያልን የሳቅንበት እኛው ነበርን። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ክራሩ ከአልጋው ሥር አልወጣም።

እንግዲህ የሳቅንበት ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአገራችን ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጃፍ ቆመው የሚያዜሙ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውም እንደ ከተማችን ላሊበላ ይባላል። የባለቤቱን ስምና የቤተሰቡን ሁኔታ ከጎረቤት ጠይቀው ከግጥማቸው ያስገቡታል፤ የሰጠውን ይመርቁታል፤ የነፈገውን ይሸነቁጡታል። ማዜሙን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው ወሬ ግን ሲያስንቃቸው ኖሯል። አዝማሪውም እንደዚሁ ነው። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ቃሉን ሳያጎድል በማሲንቆው ይመልሰዋል፤ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ደብቆ የራሱን ይጨምርበታል። እኛ ለአንድ ድርሰት ሳምንት ሙሉ የምንለምን ሰዎች በዚህ ላይ መሳቃችን ያሳፍራል።

የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ዘፈኑን አናመሳስልም። ቢሆንም በገና ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከዓለቱ ጠርዝ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያዜሙ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ የአገራችን ዜማ ያለ ተቀባይ አይቆምም።

ቴአትር ቤቱ ለዘፋኙ ምን ሰጠው? ስም ሰጠው። በጠጅ ቤት «አንተ አዝማሪ» የሚባለው ሰው በመድረክ ላይ በስሙ ይጠራል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን አስናቀች ወርቁ ናቸው። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሲሆኑ፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተውነዋል፤ በክራራቸውም ዘፍነዋል። ሴት ልጅ ከመድረክ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ነቀፌታውን ችለው ጸኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. የክራር ዘፈኖቻቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ16ኛው ዲስክ ወጥተው ለዓለም ተሰሙ። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር በክብር አስታወሳቸው። በወጣትነታቸው የነቀፏቸው ሰዎች ግን ስማቸው እንኳ አይታወቅም።

መድረክ የሚያጎድለውም አለ። መብራቱ ከዘፋኙ ላይ ነው፤ ተመልካቹ በጨለማ ተቀምጦ ዝም ይላል። «ተቀበል» የሚል የለም። ጓደኛችን ከቴአትር ቤቱ ሲወጣ «ጭብጨባው ደስ ይላል፤ ግን ግጥም የሚሰጠኝ አጣሁ» ያለን ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ ማዋል ከዚህ ግቢ ይቅር፤ እኛም ጓደኛችንን በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ በማኅበሩ የሙዚቃ ምሽት የሚዘፍን ሁሉ የግጥሙና የዜማው ባለቤት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲም ለከዋኝም መብት ሰጥቷል፤ የተማረ ሰው ይህን በማክበር ምሳሌ ሊሆን ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከአዝማሪዎች የምንሰማውን ግጥም ከነባለቤቱ ስም፣ ከነቦታውና ከነቀኑ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንጻፍ። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ባረፈ ቁጥር ያልተጻፈው ግጥም አብሮት ይቀበራል።

ጓደኛችን በሚመጣው የማኅበሩ ምሽት በዚሁ አዳራሽ ይዘፍናል። ያን ዕለት መብራቱ አይጥፋ፤ እኛም ዝም ብለን አንቀመጥ። እያንዳንዳችን አንዳንድ ግጥም ይዘን እንምጣና፣ ትናንት ስድብ በወረወርንበት አፋችን «ተቀበል!» እንበለው።