«አይ ዶንት ኬር ቱ»፦ ከተራራዋ ግዛት የተማርኩት እንግሊዝኛ

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በውጭ አገር የሕክምና ሥራ ልምድ» የሚል ነበር። ስለ መሣሪያው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ደመወዙ የምትጠይቁኝ ካላችሁ እሱን ቡና ላይ እናወራዋለን። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት አጭር አረፍተ ነገር ነው። እሷን ባለማወቄ አንድ ሰው ተጎድቶብኛል፤ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ትጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

የምሠራው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ የገጠር ክሊኒክ ነው። ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሃል ከቨርጂኒያ ተለይታ የወጣች ናት። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም፤ ቅጽል ስሟም «የተራራዋ ግዛት» ነው። ከተራሮቿ ሁሉ ረጅሙ ስፕሩስ ኖብ 1,480 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ሠርቶ ለሄደ ሰው ይህ በእኛ አቆጣጠር ቆላ ነው እንግዲህ፤ ግን አልነገርኳቸውም። ደግሞ ተራራነቱ የሚታወቀው በከፍታው ሳይሆን በጥብቀቱ ነው። በሸንተረሮቹ መሃል ያለውን ጠባብ ሸለቆ «ሆለር» ይሉታል። መንገዱ አንድ ነው፣ ወንዙ አንድ ነው፣ ዘመዱም አንድ ነው። ቤትዎ የት ነው ስትሏቸው «ከሆለሩ ራስ» ይሏችኋል። የእኛ ሰው «ከአፋፉ በላይ»፣ «ከወንዙ ማዶ» እንደሚለው ማለት ነው።

ፈተናዬን በጥሩ ውጤት አልፌ ስለሄድኩ እንግሊዝኛ ችግሬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም አኩራራኝ። አንዲት እናት ገብተው «ስኳር አለብኝ» አሉኝ፤ ቃል በቃል «ሹገር»። ቀጥለው ደግሞ «ሃይ ብለድ» አሉ፤ ደም ብዛት መሆኑ ነው። አብሮኝ የጀመረው አሜሪካዊ ሐኪም የትልቅ ከተማ ልጅ ስለሆነ ግር ብሎት ነበር። እኔ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ! ስኳርና ደም ብዛት እያልን አይደል እንዴ ያደግነው?

ኩራቱ ብዙም አልቆየ። «ፑኒ» ሆኛለሁ አለኝ አንድ ግዙፍ ሰውዬ። መዝገበ ቃላቱ ፑኒ ማለት ኮሳሳ፣ ደቃቃ ነው ይላል፤ ሰውዬው ደግሞ በበሩ በቀጥታ የሚገባ አይደለም። ለካ እዚያ አሞኛል ማለት ነው። አንዲት ሴት «ፌል አውት» ስትለኝ «ከምን ላይ ወደቅሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ራሷን ስታ ነው እንጂ ከምንም አልወደቀችም። ሌሊት ሌሊት «ስማዘሪን» ይለኛል የሚሉ አዛውንት አሉ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይህ ቃል ሰው ሰውን በትራስ ሲያፍን ነው። እሳቸው የሚሉት ግን ተኝተው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው፤ ይህን ሰምቶ ልባቸውን የማይመረምር ሐኪም ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። በክረምት ደግሞ አንዷ እናት ልጇን «ቶቦጋንህን ራስህ ላይ አድርግ» ስትለው ሰምቼ ደነገጥኩ። የማውቀው ቶቦጋን በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ተሽከርካሪ አልባ ጋሪ ነው። እነሱ ዘንድ የሱፍ ቆብ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ያው ነው። አንድ ፈረንጅ ሐኪም አማርኛ ተምሮ መጥቶ በሽተኛው «ሆድ ባሰኝ» ቢለው የሰገራ ምርመራ ማዘዙ አይቀርም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ታካሚ ነበሩኝ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ስኳር አለባቸው፤ በእግራቸው አውራ ጣት ሥር ቁስል ወጥቶ አልድን ብሏል። ወደ ከተማ፣ ወደ ደም ሥር ሐኪም መላክ እንዳለባቸው አይቼ «ወደዚያ ልላክዎት? ይሄዳሉ?» አልኳቸው። «ዌል ዶክ፣ አይ ዶንት ኬር ቱ» አሉኝ።

እናንተ ምን ትሰማላችሁ? እኔ የሰማሁት «መሄድ አልፈልግም» የሚል ነው። ቁስሉ ለምን እንደሚያሰጋኝ በደንብ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ያችኑ መለሱልኝ። ይህ እንግዲህ በትሕትና የተነገረ እምቢታ ነው፣ ሕክምናን አለመቀበል ደግሞ የሰው መብት ነው ብዬ «ታካሚው አልተቀበሉም» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ቁስሉን አሽጌ፣ መድኃኒት ጽፌ ሸኘኋቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነርሳችን፣ የዚያው ሆለር ልጅ ናት፣ «የእሳቸው ሪፈር ምን ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እምቢ አሉኝ እኮ» አልኳት።

«ምን ብለው?»

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። «ዶክተር፣ እሺ ነው እኮ ያሉህ» አለችኝ።

በዚያ አገር «አይ ዶንት ኬር ቱ» ማለት «አይከፋኝም፣ ደስ ይለኛል» ማለት ነው። ኬር የሚለው ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ጭንቀት፣ ሐዘን ነበር፤ ስለዚህ ብሄድ ቅር አይለኝም እንደማለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ ይህ የአነጋገር ዘዴ የራሴው መሆኑ ነው። ቡና ልቅዳልህ ስባል «አልጠላም» እያልኩ ነው ያደግሁት። አልጠላም ያለ ሰው ሲኒው ሳይቀዳለት ቢቀር ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

በዚያው ቀን ደውለን ላክናቸው። አውራ ጣታቸውንና ከጎኑ ያለውን ቆረጡላቸው፤ እግራቸው ተረፈ። በጊዜው ቢሄዱ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ወይ? ይተርፉ ይሆናል፤ ላይተርፉም ይችሉ ነበር። እኔ ግን መዝገቡ ላይ «አልተቀበሉም» የሚለውን የገዛ ጽሕፈቴን እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ጥሪ ሲጠብቁ ነበር። ለምን አልደወሉልንም ብላቸው «ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል፣ ላስቸግራችሁ አልፈለግሁም» አሉኝ። አባቴን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

የእነዚህን ሰዎች ቃል ከሐኪሙ ቃል አሳንሶ ማየት ዛሬ አልተጀመረም። «ጥቁር ሳንባ» የሚሉት በሽታ አለ፤ የከሰል አቧራ ሳንባ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ። ብዙዎቹ የኩባንያ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን «የማዕድን ሠራተኛ አስም» እያሉ ያቃልሉት ነበር። በኅዳር 1968 እ.ኤ.አ. ፋርሚንግተን የሚባል ቦታ አንድ ማዕድን ፈንድቶ 78 ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት የካቲት ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ለጥቁር ሳንባ ካሳ ጠየቁ፤ የግዛቲቱም ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የማዕድን ደህንነት ሕግ ተከተለ፤ በ1972 የወጣው የካሳ ሕግ ደግሞ ራሱ «ጥቁር ሳንባ» በሚለው ስም ነው የሚጠራው። የቆፋሪዎቹ ቃል የሕግ ርዕስ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም በእኔ ክሊኒክ ውስጥ ማንም ሰው ሳይንሳዊ ስሙን አይጠራውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዚያ አገር ሰው አነጋገር ሲነሳ አንዱ ወገን «ያልተማረ እንግሊዝኛ» ይለዋል፣ ሌላው ወገን «በተራራ ተጠብቆ የቆየ የሼክስፒር ዘመን ንጹህ እንግሊዝኛ ነው» ይላል። ሁለቱንም የቋንቋ ምሁራኑ አይቀበሉትም። በ1976 ዎልት ዎልፍራምና ዶና ክርስቲያን ስለ አፓላቺያ አነጋገር ባሳተሙት መጽሐፍ የራሱ ሥርዓት ያለው አነጋገር መሆኑን አሳይተዋል። እንደማንኛውም ሕያው አነጋገር ይለዋወጣልም። ይህች ክርክር እኛም ቤት አለች፤ «ንጹህ አማርኛ የእነ እገሌ አገር ነው» ሲባል ያልሰማ እጁን ያውጣ። እኔ ወሎ ስመደብ የአዲስ አበባ አማርኛዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። እርስዎ እያልኩ ስቀርብ እነሱ አንቱ ይሉኛል፤ ስጨነቅ ደግሞ «አብሽር» ብለው የሚያጽናኑኝ በሽተኞቹ ነበሩ። «ተቤት ነው የመጣሁ» ሲሉኝ ተ ማለት ከ መሆኑን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ያኔም ደብተር መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም።

አሁን ግን ይዣለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሽተኛ ያለኝን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ቀጠሮ ስሰጥም «እንግዲህ ማክሰኞ ይሄዳሉ አይደል?» ብዬ አዎ ወይም አይ እስካገኝ አለቅም። ነርሷ ትስቅብኛለች። አዛውንቱም አልተቀየሙኝም፤ በየጸደዩ «ራምፕ» የሚሉትን፣ ሽታው ከነጭ ሽንኩርት የሚብስ የዱር ቅጠል በወረቀት ከረጢት አድርገው ያመጡልኛል። ከረጢቱን «ፖክ» ይሉታል፤ እሱም ደብተሩ ውስጥ ገብቷል።

የደብተሩን ቅጂ ዛሬ ለትምህርት ክፍሉ ይዤ መጥቻለሁ። የፊተኛው ግማሽ የዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ የኋለኛው ከወሎ ዘመኔ ያስታወስኩት ነው፤ መሃሉን ባዶ ትቼዋለሁ። ጎጃም፣ ባሌ፣ ጋሞ፣ አፋር የሠራችሁ አላችሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን በሽተኛ ብሏችሁ ያልገባችሁን ጻፉበት። መምህሮቻችንም ወደ ወረዳ ለሚወጡት ልጆች ቢያሳዩልኝ አልጠላም። ደብተሩ መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ።