ሊዮኔል ሪቺን ከባንዱ ያወጣው ብዕር

አንድ ድምፃዊ ባንዱን ትቶ ብቻውን ሲወጣ ወሬው ያው ነው፤ ወይ ኩርፊያ ወይ የገንዘብ ጠብ። ሊዮኔል ሪቺን ያወጣው ግን ብዕሩ ነው ባይ ነኝ። የምጠራቸውን ዓመቶች በፈረንጆቹ ያዙልኝ።

ኮሞዶርስ በ1968 አላባማ ውስጥ የቱስኪጊ ኮሌጅ ተማሪዎች ያቋቋሙት ባንድ ነው። ሪቺ የገባው ሳክስፎን ይዞ ነው። ሙዚቃቸው ፈንክ ነበር፤ ቤዙ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አያስቀርም። ታዲያ ሳክስፎን ነፊው ፒያኖ እየነካካ ለስለስ ያሉ ዜማዎች ያመጣ ጀመር፦ በ1977 «ኢዚ»፣ በ1978 «ስሪ ታይምስ ኤ ሌዲ»፣ በ1979 «ስቲል»። ሁለቱ የኋለኞቹ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጡ። ጭፈራ ያነገሠው ባንድ በቀስታ ዘፈን ስሙ ገነነ።

በ1980 «ሌዲ»ን ጽፎ ለካንትሪው ዘፋኝ ለኬኒ ሮጀርስ ሰጠው፤ እሱም አንደኛ ወጣ። ነገሩ የለየለት ያኔ ይመስለኛል። ድርሰቱ ያለ ኮሞዶርስ፣ ኧረ እንዲያውም ያለ ራሱ ድምፅ፣ ገበያ አለው! በዓመቱ ከዳያና ሮስ ጋር ያዜመው «ኤንድለስ ላቭ» 9 ሳምንት ከላይ አልወርድ አለ። በ1982 ከባንዱ ወጣ፤ የባንዱ ፕሮዲውሰር ጄምስ ካርማይክልም አብሮት ሠራ። በ1983 ያወጣው «ካንት ስሎው ዳውን» የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ።

ወደ እኛ የሚመጣው ክር እዚህ ጋ ነው። የሮጀርስም የሪቺም ማናጀር ኬን ክራገን ነበር። ሃሪ ቤላፎንቴ በእኛው 1977 በረሃብ ለሚያልቀው ወገናችን አንድ ነገር እናድርግ ብሎ ያማከረው እሱን ነው። ሪቺና ማይክል ጃክሰን ተቀምጠው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ደረሱ። በ1985 ጥር መጨረሻ፣ ሪቺ የአሜሪካን ሚዩዚክ አዋርድስን መድረክ ሲመራ፣ ሽልማቱንም ሲቀበል አምሽቶ፣ ከዚያው ወደ ስቱዲዮ ገባ። ዘፋኞቹ ሲቀርጹ አደሩ።

ኮሞዶርስም ያለ እሱ አልፈረሱም። «ናይትሺፍት» በተባለው ዘፈናቸው ግራሚ አገኙ፤ ከእሱ ጋር ሳሉ ያላገኙትን።

ከሁለቱ ዘመን ምረጥ ካላችሁኝ የባንዱን እመርጣለሁ። ብቻውን ሲሆን ስኳሩ ይበዛብኛል፤ ከኋላው እነዚያ ፈንከኞች ሲኖሩ ግን ልክ ነው። እስቲ «ኢዚ»ን ልጋብዛችሁና እናንተ ፍረዱ።